ከሥር የተቆረጡት አሥራ አንድ መስመሮች

ሰኞ 3

የወርሃዊ ስምንት ገጻችን አሥራ አራተኛ እትም ከእጄ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ እስከ አሥር ሰዓት ቀጥሮኝ ነበር፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ላክሁት። ትንሽ ያስቸገረኝ ሦስተኛው ገጽ ነው። የግንበኛው የጋሽ ጉልላት ጽሑፍ ከፎቶው ጋር አልገጥም አለ። ፎቶው ጥሩ ስለነበር ከጽሑፉ ሥር አሥራ አንድ መስመር ቆረጥኩ፤ ገጠመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ቤት የኖረ እጅ ይህን ሳያስብ ያውቀዋል። ዋናው ነገር ከላይ ይቀመጣል፤ ቦታ ሲጠብ ከታች ይቆረጣል፤ አንባቢ የቀረበት ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ንጹሕ እትም ነው።

ረቡዕ 5

ባለቤቴ የታተመውን ቁርስ ላይ አነበበችው። እሷ እኔ በነበርኩበት ጋዜጣ ሃያ ሁለት ዓመት አራሚ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ቀይ እስክሪብቶዋ ከቦርሳዋ አልወጣም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«የግንበኛው ጽሑፍ ምነው በአንድ እግሩ ቆመ?»

«እንዴት?»

«አልቋል ወይስ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው?»

«አልቋል።»

«እሺ» አለችና ገጹን ገለጠች። የእሷ «እሺ» መስማማት እንዳልሆነ ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ነገር መታረም የለበትም።

እሁድ 9

ዛሬ ጊዜ አለኝ፤ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ጋዜጣው ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። «በዚህ ዕድሜህ እበት ውስጥ ገባህ» እያሉ የሚቀልዱብኝ የድሮ ባልደረቦች አሉ። ይቀልዱ። እበትና የወጥ ቤት ትራፊ ከመሬት በታች በተገነባ ማብላያ ውስጥ አየር ሳያገኝ ይብላላል፤ ጋዙ በቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ዝቃጭ ለማሳ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው። አስቸጋሪው አንዱ አገር ተሳስቶ የተማረውን ሌላው አገር እንደገና ተሳስቶ እንዳይማረው ማድረግ ነው። የኔ ሥራ እዚህ ላይ ይገባል። በየወሩ ስምንት ገጽ አዘጋጃለሁ፤ አራት አገር ይደርሳል፤ እያንዳንዱ በየቋንቋው ይተረጉመዋል። አንዱ ከሆስፒታል ጓሮ ይጽፋል፣ አንዱ ከወተት ማኅበር፣ አንዱ ከገበያ ከሚሰበሰብ የአትክልት ልጣጭ። እኛ ደግሞ ከዚህ ማሠልጠኛ፦ ሦስት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ በግቢው መካከል ለሠልጣኞች ምሳ የሚያበስል ማብላያ።

ማብላያውን የገነባው ጋሽ ጉልላት ነው። ስሙ ይህ አይደለም፤ ከመሬት በታች ያለ ድጋፍ ጡብ እየደረደረ ጉልላት ሲዘጋ ያየ ሰው ያወጣለት ነው፤ አሁን ልጁም ሳትቀር በዚሁ ትጠራዋለች። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። «እጄ ሲሚንቶ ለምዷል፤ እስክሪብቶ ይሸሸዋል» ስለሚል እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። እሱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ። እኔን «ጋዜጣው» ነው የሚለኝ።

አወራሩ ያስቃል። ስለ ዝናቡ ይጀምራል፤ እበቷን ወደምንጠቀምባት ላም ባለቤት ይሻገራል፤ ከዚያ ስለ ጡቡ ጥራት። ልጁ እንደነገረችኝ ስልክ ደውሎላት ግማሽ ሰዓት ያወራና የደወለበትን ጉዳይ የሚናገረው «በይ ደህና ዋይ» ካለ በኋላ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ብጠይቀው «ሰው ይዞት የሚሄደው በር ላይ የሰማውን ነው» አለኝ። ደስ የሚል ሰው ነው።

ትልቁ ወሬ ይህ ነው። ከድንበር ማዶ ያለ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ጋሽ ጉልላትን ለሦስት ወር ጋብዞታል። አንድ ማብላያ በአሥራ ሁለተኛው እትም ሥዕል እያዩ በራሳቸው ግንበኛ ሠርተዋል፤ ስድስት ይቀራቸዋል፤ እሱ ሄዶ ግንበኞቻቸውን እንዲያሠለጥን ይፈልጋሉ። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ለፓስፖርቱ ፎቶ ሲነሳ ፎቶ አንሺው «ፈገግ አይባልም» ቢለው፣ «በስልሳ ሰባት ዓመቴ ፈገግታ የተከለከለበት ሥራ ላይ ገባሁ» አለው።

የንግግሩ ማስታወሻዎች በሙሉ ቢሮ፣ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እኔ ወረቀት አልጥልም።

ማክሰኞ 18

ከማዶው ትምህርት ቤት ደብዳቤ። የጻፈችው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ለሦስት መቶ ተማሪ ታበስላለች። ኢንጂነሯ፣ ማለትም አለቃችን፣ ቋንቋቸውን ስለምትችል ቆማ አነበበችልን። ማብላያቸው በእበት ብቻ ጋዝ መስጠት ከጀመረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። «ዛሬ ደግሞ እናንተ እንደጻፋችሁት የወጥ ቤት ትራፊ በቀን አምስት ባልዲ መጨመር ጀመርን። ሦስተኛውን ገጽ ግድግዳችን ላይ ለጥፈነዋል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈልኝ የመጀመሪያው ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት። «ዘይት እንዳይረጭበት ንገራቸው» አለች።

ሐሙስ 27

ሁለተኛ ደብዳቤ። እሳቱ ደክሟል፤ ባቄላ ለማብሰል ከቀትር በፊት የሚፈጀው ሰዓት እጥፍ ሆኗል። ምን እናድርግ?

መለስኩ፦ ባልዲያችሁ ስንት ሊትር ነው? የኛ አሥር ነው።

ማተሚያ ቤቱ በአሥራ አምስተኛው እትም ወረቀት ላይ ያስቸግራል። ልሮጥ።

እሁድ 30

ዝናቡ ከገባ ሳምንቱ። ጣራው ላይ ሲወርድ ማሰብ ይመቻል።

ስለ ማዶው እሳት አሰብኩ። ባልዲያቸው ትልቅ ሊሆን ይችላል። አገራቸው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ትራፊው ውስጥ ሳሙና የነካው ውሃ ገብቶ ይሆናል። ሰው አዲስ ነገር ሲይዝ ይቸኩላል፤ የሚያነበውም እየዘለለ ነው። ሦስተኛውን ገጽ ዛሬ ደግሜ አነበብኩት፤ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። አንድም የተሳሳተ ነገር የለበትም።

ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ሆና «ደግሞ እሱን ገጽ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። 

ረቡዕ 3

እሳቱ ጠፋ።

ባልዲያቸው አሥር ሊትር ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ በመለኪያ ለክታዋለች፤ እኔን እንደምታውቀኝ ሁሉ «በደንብ ለክቻለሁ» ብላ ጽፋለች። ሽታው እንደ ኮምጣጤ ሆኗል። የትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህር የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ውስጥ ነጭ ወረቀት ነክሮ አድርቆ፣ ከማብላያው የተጣራ ጠብታ አንጠባጠበበት። ወረቀቱ ሮዝ ሆነ። አሲድ በዝቷል ማለት ነው። የነሱን ወረቀት ፎቶ ላኩልን።

ኢንጂነሯ ወዲያው ጥቅል ጎመን አስገዝታ የኛን ማብላያ ሞከረች። የኛ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ። «ስድስት ዓመት ይህን ማወቅ ስንችል!» አለች፤ እንደ ተማሪ ደስ ብሏት። ከዚያ ቀሪውን ደብዳቤ አነበበች።

ወጥ ቤቱ ወደ እንጨት ተመልሷል። ግድግዳው እንደገና እየጠቆረ ነው። ርእሰ መምህሩ የሰጣቸው ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ተማሪዎቹ ከዕረፍት ሲመለሱ እሳት ከሌለ ጉድጓዱ በአፈር ይሞላል፣ የስድስቱም ነገር ያበቃል። ደብዳቤው እንዲህ ይዘጋል፦ «እናንተ እንዳላችሁት አደረግን። የት ላይ ተሳሳትን?»

ዓርብ 5

ስብሰባ። ኢንጂነሯ፣ ጋሽ ጉልላት፣ እኔ። ዝናብ ስለነበረ በሩ ተዘግቶ።

«ጋሽ ጉልላት» አለች፣ «አዲስ ማብላያ ትራፊ እንዴት እንደሚለምድ ተናግረው ነበር?»

«ነግሬያለሁ። ለጋዜጣው ነግሬዋለሁ።»

እሷ እትሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች። «አምስት ባልዲ ይላል። ጊዜው ይላል። መጠኑ ይላል። ስለ አጀማመሩ ግን እዚህ የለም።»

ጋሽ ጉልላት መነጽሩን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ራሱ አነበበ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ረጋ ብሎ። ሲጨርስ መነጽሩን መልሶ አወለቀ።

«ነግሬያለሁ መሰለኝ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ይሆን? ያን ቀን ስለ ላሟ ብዙ አውርቻለሁ። በወሬ መሀል ረስቼው ይሆናል።»

ኢንጂነሯ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስታውሳሉ?»

ማስታወሻዬን ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም አልኩ። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ጋዜጠኛ ያላረጋገጠውን አይናገርም። ማስታወሻው እቤት ይመስለኛል አልኩ።

«እንግዲህ ካልተጻፈ አልተናገርኩትም ማለት ነው» አለ ጋሽ ጉልላት። ቆቡን አንስቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆም አለ፤ የሚናገረው ያለው መስሎኝ ጠበቅሁ። ምንም ሳይል ሄደ።

ማክሰኞ 9

የጋሽ ጉልላት ጉዞ ታገደ። ከማዶ በትሕትና ነው የጻፉት፦ መመሪያ ሲሰጥ ዋናውን ነገር የማይዘነጋ ሌላ ሰው ቢገኝ።

ዛሬ ለሠልጣኞች ጡብ ሲደረድር አየሁት። ውሃ ልኩን አንድ ጊዜ ያስቀምጣል፣ ያያል፣ ያነሳል፤ ሁለት እርምጃ ይሄድና ተመልሶ እንደገና ያስቀምጣል። በፊት እንዲህ አያደርግም ነበር። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው።

ከምሳ በኋላ ልጁ መጣች። ግቢ ሳትገባ አጥር ሥር ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አባቴ ነገር ይረሳል እንዴ? እዚህ ስታዩት?»

«ምነው?»

«የቤት ቁልፉን ሦስቴ ይነካል። የሚገዛውን መዳፉ ላይ እየጻፈ ነው የሚወጣው። ትናንት ‹አንድ ነገር ነግሬሽ ከሆነና ካልነገርኩሽ ለይተሽ ንገሪኝ› አለኝ። ምን ማለት ነው? ሐኪም ጋ ልውሰደው?»

ዕድሜ ነው አልኳት። አይጎዳትም ብዬ ነው።

ሐሙስ 11

ዝናብ። አሥራ አምስተኛው እትም ዘግይቷል። ሦስተኛው መሳቢያ በእርጥበት አብጦ አልከፈት አለ። በኋላ።

ዓርብ 12

ሠልጣኞቹ ሲያወሩ፦ «ሽማግሌው ደክሟል አሉ። እዚያ ማዶ የሰው ማብላያ ያበላሸው እኮ እሱ ነው።» በመስኮቱ በኩል ሰማሁ። መስኮቱን ዘጋሁት። እርጥበት እየገባ ነበር።

መሳቢያው አልተከፈተም። አናጺ መጥራት ያስፈልጋል።

እሁድ 14

አናጺ አላስፈለገም። ትናንት ቢሮው ባዶ ሳለ ሄጄ በጉልበቴ ደግፌ ስስበው ወጣ። ማስታወሻው ከላይ ነበር። ቀን ተጽፎበታል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ እገለብጣለሁ።

«(ተነሳ፤ ባልዲውን አነሳ፤ በሩ ጋ ደረሰ።) አሁን ዋናው። አምስት ባልዲ የኛ ማብላያ ልክ ነው፤ የኛ ግን ስድስት ዓመት ሲበላ የኖረ ነው። አዲሱን አምስት ብታበላው ይኮመጥጣል። የመጀመሪያውን ወር እበትና ውሃ ብቻ። ከዚያ ትራፊ በቀን አንድ ባልዲ፤ ሳምንት ቆይተህ ሁለት፤ ሳምንት ቆይተህ ሦስት። እሳቱ ከደከመ ወይም ሽታው ከኮመጠጠ ማብላት አቁም፤ አሥር ቀን ይረፍ፤ ትኩስ እበት ጨምርለት። ይህን ካልጻፍክ ሌላውን ባትጽፈው ይሻላል።»

አሥራ አንድ መስመር። ቆጠርኳቸው።

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ወረቀቱን አነበበች። ቀይ እስክሪብቶዋን አላወጣችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ካወቅህ።»

«ትናንት ነዋ፤ መሳቢያው ሲከፈት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ጣራው እንኳ አላገዘኝም።

«ከዓርብ» አልኳት።

«ከትናንት ወዲያ?»

«ከዚያ በፊቱ ዓርብ። ስብሰባው ላይ፣ ሲያነብ።» ከዚያ ደግሞ፣ ከተጀመረ አይቀር፣ «የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣም ትንሽ ነገር ተሰምቶኝ ነበር።»

«እሺ» አለች። ከዚያ የሻዩን ውሃ ጣደች። ምድጃችን የሚነደው በባዮጋዝ ነው፤ ማብላያውን ጋሽ ጉልላት ነው የሠራልን፤ ጉድጓዱ ከኛ፣ እበቱ ከጎረቤታችን ሁለት ላሞች። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ሁለታችንም አየነው።

«ያ ሰውዬ ራሱን እየተጠራጠረ ነው ያለው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «አንተ ደግሞ አናጺ ትፈልጋለህ።»

ሰኞ 15

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ደረስኩ። እሱ ከኔ በፊት ነበር፤ አሸዋ ይነፋል። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገና አሸዋ በነካው ጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይሄ የኔ ቃል ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«‹አሁን ዋናው› ብያለሁ።»

«ብለዋል።»

«አንተ ደግሞ ዋናውን ቆረጥከው።»

«ጋዜጣ ላይ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚቆረጠው፤ ዋናው ከላይ ስለሚሆን…»

«ተወኝ ጋዜጣህን!»

ወንፊቱን ወረወረው። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ልጄ ለሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛልኛለች። ምሳ መብላቴን እንዳልረሳ መዶሻዬ እጀታ ላይ በጠመኔ እየጫርኩ ነው የምውለው። እየው!» አሳየኝ። አራት ነጭ ጭረት፤ አራት ቀን። «እትሙን ያየሁ ጊዜ የቀረው በሚቀጥለው ይወጣል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ኢንጂነሯ ስትጠይቅ ነገሩ ከራሴ ውስጥ ጠፋ። በዚህ ሁሉ ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ወንፊቱን አንስቶ አራገፈው።

«እኔ ግንብ ሲጣመምብኝ አፈርሰዋለሁ» አለ። «አንተ ምንህን ነው የምታፈርሰው?»

አብረን ወደ ኢንጂነሯ ገባን። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ ሥራውን ደግሜ የማላየው አንድ ሰው ነበር፤ እርስዎ። ከዛሬ ጀምሮ አያለሁ» አለች። ተገቢ ነው። ከዚያ ስልኩን አነሳች፤ ሌላ ወቀሳ አልነበረም፤ ጊዜ ስላልነበረ።

ማዶ ያለችው የወጥ ቤት ኃላፊ ሁሉንም ሰምታ መለሰች። ኢንጂነሯ ተረጎመችልኝ፦ «አብሳዮቼን ሰድቤያቸው ነበር፤ ሥራችሁን አበላሻችሁ ብዬ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ልሂድ። መጀመሪያ ግን ምን እንደማደርግ ንገሩኝ።»

ጋሽ ጉልላት ስልኩን እንደ ሰው ትከሻ አቅፎ ተናገረ፤ ኢንጂነሯ አጠገቡ ሆና ትተረጉማለች። ትራፊ ዛሬውኑ ይቁም። ከቅርብ በረት ትኩስ እበት፣ በርሜል ሙሉ፣ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ፤ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ በርሜል። መሀሉን በረጅም እንጨት ማወክ። ሌላ ምንም። «ኖራ እንጨምር?» ቢሉት፣ «ኖራ ችኮላ ነው፤ ያቻኮለን ይበቃል» አለ። ሊዘጋ ሲል ደግሞ፦ «ቆዪማ! ዋናው ይሄ ነው። እሳቱ እንደገና እስኪነድ የመጀመሪያውን ጋዝ ሜዳ ላይ ልቀቁት፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት።»

እኔ ወዲያውኑ ጻፍኩት። ከላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ልዩ እትም ለአራቱም አገር ወጣ። በርእሱ ቦታ የተጻፈው ይህ ነው፦ «አዲስ ማብላያ በቀን አምስት ባልዲ አታብሉ። በአሥራ አራተኛው እትም ይህ ማስጠንቀቂያ የቀረው አዘጋጁ ስለቆረጠው ነው። ግንበኛው ተናግሮት ነበር።» ከሥሩ አሥራ አንዱ መስመሮች ሳይነኩ። የወተት ማኅበሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰ፦ «ነገ ልንጀምር ነበር።»

ማክሰኞ 16

ለልጁ ደወልኩ። ዕድሜ ነው ብዬሽ ነበር፤ የኔ ጥፋት ነው አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። «እንዲህ ከሆነ ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም?» አለች።  ዘጋችው።

ዓርብ 19

የወረቀቱ ፎቶ ከማዶ። ሮዝ። አምስተኛ ቀን።

ሰኞ 22

ሮዝ፤ ጠርዙ ላይ ግን ወይን ጠጅ። በማጉያ መነጽር አየሁት። ባለቤቴም አየችው፤ «ተስፋህ ነው ወይን ጠጅ ያደረገው» አለች።

ጋሽ ጉልላት «ጋዜጣው» ብሎ መጥራት ትቷል። «እሱ» ነው የሚለኝ፣ ፊቴ ቆሞ።

ሐሙስ 25

ወይን ጠጅ! ሙሉውን። መውጫው ላይ አረፋ አለ።

ርእሰ መምህሩ ግን አካፋ አዟል። የቀረው አምስት ቀን ነው።

እሁድ 28

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ። ኢንጂነሯ ናት፤ ከቤቷ። ማዶ ያሉት ሜዳ ላይ ያወጡትን ቱቦ ትናንት ሲለኩሱት ጠፋ፣ ለኮሱት፣ ጠፋ። ዛሬ ንጋት ላይ ለኮሱት፤ ነደደ። ሰባት ደቂቃ። ከዚያ ርእሰ መምህሩን ጠርተው በፊቱ ለኮሱት፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ሰማያዊ ነው። አካፋውን የዝቃጩን ቦይ ሊቆፍሩበት ወስደውታል።

ወደ ጋሽ ጉልላት ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ልጁ ናት፤ ትንሽ አየችኝና «ይግቡ» አለችኝ። ነገርኩት። ተቀምጦ ስለነበረ ተነሳ፤ ከዚያ መልሶ ተቀመጠ።

«ስንት ደቂቃ አልክ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ጻፈው» አለ። «እኔ ስለምረሳው አይደለም። አንተ እንዳትቆርጠው።» ልጁ ሳቀች። እሱም ቀስ ብሎ ሳቀ። ሐኪሙስ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። «‹ጭንቅላትህ ደህና ነው፤ ጆሮህን ግን ታጠብ› አለኝ። ታጥቤ መጣሁ፤ አሁን ሐሜታችሁን በሙሉ እሰማለሁ።»

ረቡዕ 1

ከማዶ ይፋዊ ደብዳቤ። ስድስቱ ይቀጥላሉ። «ዋናውን ነገር የማይዘነጋውን ያንኑ ሰው ላኩልን» ይላል። ኢንጂነሯ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበበችው፤ ሁለተኛውን ለሠልጣኞቹ፣ ግቢ ወጥታ፣ ጮክ ብላ።

የአሥራ አምስተኛው እትም የፊት ገጽ የነሱ ነው፦ የጥቅል ጎመን ወረቀት፣ ከአሠራሩ ጋር፣ በኬሚስትሪ መምህሩና በወጥ ቤቱ ኃላፊ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንድ ዓምድ ያህል ይረዝማል። ፎቶውን አሳነስኩት።

እሁድ 12

የወጥ ቤታችን የጋዝ ጎማ ከምድጃው መጋጠሚያ ላይ ተሰንጥቋል፤ እሳት ከመለኮሱ በፊት ዛሬውኑ መቀየር አለበት።

ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ጋሽ ጉልላት መጨረሻ ላይ ስለተናገረው ነው።

ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ ልሰናበታችሁ ብሎ ከልጁ ጋር ቤታችን ጎራ አለ። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ውሃ ልኩን በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከሸሚዞቹ መሀል አድርጎታል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ማባራት አወራ። ስለ ጎረቤታችን ላም ጠየቀ። አውሮፕላን ውስጥ መስኮት ይከፈት እንደሆነ ባለቤቴን ጠየቃት፤ አይከፈትም አለችው፤ «ሽታ ሲኖርስ?» አለ። ማብላያችንን ሊያይ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በወጥ ቤቱ በኩል ተመለሰ። ተነሳ፤ ተሳሳምን። ታክሲው ውስጥ ገባ። በሩን ሊዘጋ እጀታውን ያዘ፤ እኔ ግን አልተመለስኩም፤ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ጋዜጣው!» አለኝ። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። «ዋናውን ልንገርህ። ጎማህ ተሰንጥቋል።»

በሩን ዘጋና ሄዱ።

ወዲያው ከውጭ የጋዙን መዝጊያ ዘጋሁ፤ ሱቅ ሄጄ አዲስ ጎማ ገዛሁ፤ በማሰሪያ አጠበቅሁት። ባለቤቴ ሳሙና በጥብጣ በብሩሽ መጋጠሚያውን ቀባችው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አረፋ አልነፋም፤ ጋዝ አያፈስም።

«እሺ» አለችና ክብሪቱን ሰጠችኝ።